ሳትወልድ የጦርነት ልጆችን ያሳደገችው አና ፍሮይድ

ጊዜው ጥቅምት 1945 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአውሮፓ ካበቃ ገና ወራት ብቻ ተቆጥረዋል። ደቡብ እንግሊዝ ውስጥ ዌስት ሆትሊ በምትባል የገጠር መንደር ወደሚገኝ አንድ ቤት ትንንሽ ሕፃናት ገቡ። የመጨረሻዋ ልጅ ከሳምንታት በኋላ ስትቀላቀላቸው ስድስት ሞሉ። ሦስት ወንዶች፣ ሦስት ሴቶች። ዕድሜያቸው ቢበዛ አራት ዓመት ነው።

ቤቱ ተሰናድቶ ነበር የጠበቃቸው። መጫወቻ አለ፣ በቂ ምግብ አለ፣ የሚንከባከቧቸው ደግ ሴቶች አሉ። ልጆቹ ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት የተሰጣቸውን መጫወቻ አንድ ሳያስተርፉ ሰባበሩት። የቤት ዕቃውንም አልማሩትም። ተንከባካቢዎቻቸውን አንዳንዴ መኖራቸውንም ይረሷቸዋል፤ ሲናደዱ ደግሞ ይመቷቸዋል፣ ይነክሷቸዋል፣ ምራቃቸውን ይተፉባቸዋል።

ፊታቸውን እርስ በርስ ሲያዞሩ ግን ሌሎች ልጆች ይሆናሉ። አንዱ ከሌላው ለደቂቃ መለየት አይሻም። ማዕድ ላይ ሲቀርቡ ከራሳቸው ጉርሻ በፊት የጓደኛቸውን ድርሻ ያያሉ። በእግር ጉዞ ላይ አንዱ ጓንቱን ቢጥል ሌላው የራሱን አውልቆ ይሰጠዋል፤ እጄን በረደኝም አይልም። ኬክ አልቆ የሚያለቅስ ካለ ሁለቱ ሴቶች ከአፋቸው ቀንሰው ያካፍሉታል፤ ሲበላም እየዳበሱት ደስ ብሏቸው ያዩታል። ውሻ ሲመጣ ሁሉም ይንቀጠቀጣሉ። ሆኖም አንዷ ትንሽ ልጅ ራሷ በፍርሃት እየራደች ወደ ጓደኛዋ ሄዳ እንዲጽናና ብላ የጨርቅ ጥንቸሏን ሰጥታዋለች።

ለመሆኑ እነዚህ ልጆች ከወዴት መጡ? ፍቅርን ሳያዩ ፍቅርን ማን አስተማራቸው? ይህንን ጥያቄ አንስታ መልሱን ለዓለም ያስረዳችው ሴት የዛሬው ባለታሪካችን ናት። አና ፍሮይድ።

የመጨረሻዋ ልጅ

አና ፍሮይድ ታኅሣሥ 3 ቀን 1895 በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና ተወለደች። አባቷ የሥነ አዕምሮ ትንተና አባት የሚባለው ዶክተር ሲግመንድ ፍሮይድ፣ እናቷ ማርታ ይባላሉ። ለቤቱ ስድስተኛና የመጨረሻ ልጅ ናት። በልጅነቷ ከእናቷ ይልቅ ለሞግዚቷ ለጆሴፊን ትቀርብ ነበር። በመልኳ ከምትወደሰው ከታላቅ እህቷ ከሶፊ ጋር ደግሞ ፉክክሩ የበረታ ነበር። የተወለደ ቤት ውስጥ እንኳ አንድ ልጅ የእኔ የሚለው ሰው እንደሚያስፈልገው ከመጽሐፍ በፊት ከራሷ ሕይወት ተማረችው ማለት ይቻላል።

ጦርነትን የተዋወቀችው ገና በ18 ዓመቷ ነው። በ1914 ክረምት እንግሊዝን ልትጎበኝ ሄዳ ሳለ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ፈነዳ። በአንድ ጀንበር እንግዳዋ ልጃገረድ የጠላት አገር ዜጋ ሆነች። ወደ አገሯ የተመለሰችው ከኦስትሪያ አምባሳደር ጓዝ ጋር፣ በጅብራልታርና በጣሊያኗ ጄኖዋ በኩል ዙሪያ ጥምጥም ተጉዛ ነው።

በጦርነቱ ዓመታት በተማረችበት ትምህርት ቤት ሕፃናትን ማስተማር ጀመረች። ጎበዝ መምህርት እንደነበረች ይነገርላታል። ነገር ግን የሳንባ ነቀርሳ ያዛትና በ1920 ማስተማሩን ለመተው ተገደደች። በዚያው ዓመት ጥር ላይ እህቷ ሶፊ በዘመኑ ዓለምን ባጠቃው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ሁለት ሕፃናት ወንዶች ልጆቿን ትታ ሞተች። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ታናሽየው ልጅ እናቱን ተከተለ።

ጦርነቱ ሲያበቃ ቪየና በረሃብተኞችና ወላጅ አልባ ልጆች ተሞላች። ሲግፍሪድ በርንፌልድ የተባለ ወጣት የሥነ ትምህርት ሰው በ1919 በጦርነቱ ወላጆቻቸውን ላጡ አይሁድ ልጆች ባውምጋርተን የሚባል ማሳደጊያ ከፈተ። ዱላና ቁጣ የሌለበት፣ ልጆቹ ራሳቸው በጋራ ሕግ የሚያወጡበት ቤት ነበር። ከአስተዳዳሪዎች ጋር በተፈጠረ አለመግባባት ዓመት ሳይሞላው ተበተነ። አና ከበርንፌልድና ከባልደረቦቹ ጋር አዘውትራ ትወያይ ነበርና ሐሳቡ በልቧ ቀረ።

የአባቷ አልጋ፣ የድሆች ልጆች

አና ዩኒቨርሲቲ አልገባችም፤ ሐኪምም አልነበረችም። የሥነ አዕምሮ ትንተናን የቀሰመችው ከአባቷና ከባልደረቦቹ ነው። በ1922 የቪየና ማኅበራቸው አባል ሆነች፤ በተከታዩ ዓመት የራሷን ታካሚዎች መቀበል ጀመረች። በዚያው በ1923 አባቷ በመንጋጋ ካንሰር መያዙ ታወቀ። ከዚያ በኋላ ለ16 ዓመታት የአባቷ አስታማሚም፣ ጸሐፊም፣ መልእክተኛም እርሷ ነበረች። ትዳር አልያዘችም፤ ልጅም አልወለደችም።

በ1925 ዶሮቲ በርሊንግሃም የምትባል አሜሪካዊት አራት ልጆቿን ይዛ ቪየና መጣች። በመስታወት ሥራው ዝነኛ የሆነው የሉዊስ ቲፋኒ ልጅ ናት። አመጣጧ ልጆቿን ለማሳከም ነበር፤ ከአና ጋር ግን እስከ ሞት ያልተለየ ወዳጅነት መሠረቱ። በ1937 ሁለቱ ሴቶች ኢዲት ጃክሰን በተባለች አሜሪካዊት ሐኪም ገንዘብ ለቪየና ድሃ ቤተሰቦች ታዳጊዎች የቀን መዋያ ከፈቱ። በመካከሉ አና በ1936 ሰው ከጭንቀት ራሱን የሚከላከልባቸውን መንገዶች የሚተነትነውን ዋና መጽሐፏን አሳትማለች።

መዋያው ግን ዕድሜ አላገኘም። በመጋቢት 1938 የሂትለር ጦር ኦስትሪያን ያዘ። መጋቢት 22 ቀን የናዚ ምስጢራዊ ፖሊስ፣ ጌስታፖ፣ አናን ይዟት ሄደ። የቤተሰቡ ሐኪም ስቃዩ ከበረታባት ሕይወቷን የምታሳጥርበት መድኃኒት አስቀድሞ ሰጥቷት ነበር። ቀኑን ሙሉ ስትጠየቅ ውላ ማታ ላይ ተለቀቀች። እስከዚያ ቀን ድረስ ከቪየና አልወጣም ይል የነበረው አዛውንቱ ፍሮይድ ልቡ የተሸነፈው በዚያች ምሽት ነው ይባላል።

ሰኔ 4 ቀን 1938 ቤተሰቡ ቪየናን ለቆ ወደ ለንደን ተሰደደ። ከአገር መውጣት ያልቻሉት አራት የፍሮይድ እህቶች፣ የአና አክስቶች፣ በኋላ በናዚዎች እጅ አለቁ። ሲግመንድ ፍሮይድ ራሱ ጦርነቱ በተጀመረ በሦስተኛው ሳምንት፣ መስከረም 23 ቀን 1939 ለንደን ውስጥ አረፈ።

ቦምብና እናት

አባቷን የቀበረችው አና 43 ዓመቷ ነው። በሰው አገር ናት። የምታወራው ቋንቋ የጠላት ቋንቋ ነው። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ቤቱን ዘግቶ ይቀመጥ ነበር። እርሷ ግን ቤት ከፈተች።

እንግሊዝ በጦርነቱ ዋዜማና ጅማሬ ላይ ከትልልቅ ከተሞች 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰው ወደ ገጠር አሽሽታ ነበር። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከቤተሰባቸው ተለይተው በማያውቋቸው ሰዎች ቤት የተመደቡ ተማሪዎች ነበሩ። ከመስከረም 1940 ጀምሮ የጀርመን አውሮፕላኖች ለንደንን በየሌሊቱ ይደበድቧት ጀመር። ቤታቸው የፈረሰ እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው በምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያዎች ያድራሉ። አባት ዘምቷል፤ እናት ፋብሪካ ትውላለች፤ ሕፃኑን የሚይዝ የለም።

አናና ዶሮቲ በጥር 1941 ሐምፕስቴድ በተባለው የለንደን ሠፈር የመጀመሪያውን የሕፃናት ማረፊያ ከፈቱ። በዚያው ዓመት ለጨቅላዎች ሌላ ቤት፣ ተለቅ ላሉት ደግሞ ኤሴክስ በሚባለው አውራጃ የገጠር ቤት ተጨመረ። ሦስቱ አንድ ላይ የሐምፕስቴድ የጦርነት ጊዜ ማሳደጊያዎች ተባሉ። ከ80 በላይ ሕፃናትን አስተናግደዋል።

ገንዘቡ በአብዛኛው የመጣው ከአሜሪካ ነው። ለጋሹ በ1937 በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ለተጎዱ ሕፃናት የተቋቋመው የአሳዳጊ ወላጆች ፕላን ነበር። ይህ ድርጅት ዛሬ ፕላን ኢንተርናሽናል ተብሎ የሚጠራውና በአገራችንም የሚሠራው ነው። አናና ዶሮቲ ለለጋሾቹ በየወሩ ሪፖርት ይጽፉ ነበር። ከእነዚያ ሪፖርቶች በ1942 እና በ1944 ሁለት መጻሕፍት ወጥተዋል።

ሪፖርቶቹ የያዙት ነገር ብዙዎችን አስገርሟል። የዘመኑ ባለሥልጣናት የሚፈሩት ቦምቡ የልጆችን አዕምሮ ያናጋል ብለው ነበር። አና ያየችው ሌላ ነው። ሕፃን ልጅ እናቱ አጠገብ ካለችና እናቱ ካልተሸበረች የቦምቡን ድምፅ ይለምደዋል፤ እንቅልፉንም ይተኛል። እናቱ ስትንቀጠቀጥ አብሮ ይንቀጠቀጣል። የሚሰብረው ግን ከእናቱ መለየቱ ነው። ለደኅንነቱ ተብሎ ወደ ሰላማዊ ገጠር የተላከው ልጅ፣ ከእናቱ ጋር በመጠለያ ካደረው ልጅ ይበልጥ የሚጎዳበት ጊዜ ነበር።

ከልጆቹ መካከል አንድ የሦስት ዓመት ልጅ ነበር። ወላጆቹ ጥለውት ሲሄዱ ካላለቀሰ እናቱ እንደምትጠይቀው ነግረውታል። ልጁም ቃሉን ጠበቀ፤ አላለቀሰም። በምትኩ ላገኘው ሁሉ እናቱ መጥታ ካፖርቱን እንደምታለብሰው፣ ዚፑን እንደምትዘጋለት፣ ቆቡን እንደምትደፋለት ይደጋግም ጀመር። ይህንን ንግግር ተው ሲባል ቃሉን ተወና በእጁ ያሳይ ጀመር። በመጨረሻ ሌሎቹ ሲጫወቱ እርሱ ጥግ ይዞ ጣቶቹንና ከንፈሮቹን ብቻ ያንቀሳቅስ ነበር። ዕንባ መከልከል ሐዘንን እንደማያጠፋ፣ ወደ ውስጥ እንደሚቀብረው ብቻ፣ ከዚህ ሕፃን በላይ ያሳየ የለም።

ሌላው የአራት ዓመት ልጅ አባቱ ሞቶበታል። እርሱ ግን አባቱ ሞቷል ብሎ አይቀበልም። የወረቀት ቤቶች ይሠራል፤ በብይ ቦምብ ይደበድባቸዋል። የሌሎቹ ልጆች ጨዋታ በፍርስራሽ ያልቃል። በእርሱ ጨዋታ ግን ሰዎቹ ሁሉ ይድናሉ፤ ቤቱም ተመልሶ ይሠራል። በማግሥቱ እንደገና ይጀምራል። ወራት ካለፉ በኋላ አንድ ቀን አባቱ መሞቱንና እንደማይመለስ በራሱ አፍ ተናገረ። አና ከዚህ የተረዳችው ሕፃናት በቃል ያልቻሉትን ሐዘን በጨዋታ እንደሚያለቅሱትና እስኪጨርሱትም ጊዜ መስጠት እንደሚገባ ነው።

ትንንሽ ቤተሰቦች

በመጀመሪያ ማሳደጊያው እንደማንኛውም ማሳደጊያ ይሠራ ነበር። ተንከባካቢዎቹ በፈረቃ ይገባሉ፣ ለሁሉም ልጆች እኩል ያገለግላሉ። ልጆቹ ንጹሕና ጥጋበኛ ነበሩ። ሆኖም ከቤታቸው ካሉ እኩዮቻቸው ይልቅ አፋቸውን ለመፍታትም ሆነ ንጽሕናቸውን ለመጠበቅ ይዘገያሉ።

አናና ዶሮቲ አሠራሩን ለወጡ። ልጆቹን አራት አራት ያህል እያደረጉ በትንንሽ ቤተሰብ ከፈሏቸው፤ ለእያንዳንዱ ቡድን አንዲት እናት ሰጡት። ማን ከማን እንደሚሆን ሲወሰን ልጁ ማንን እንደሚወድ ታይቷል። መጀመሪያ የተከተለው ግን ሰላም ሳይሆን ሁከት ነበር። ጸጥ ብለው የነበሩ ልጆች እናቴን አትንኩብኝ ብለው ይናከሱ፣ ተንከባካቢያቸው ከክፍሉ ስትወጣ ይጮኹ ጀመር። ከሳምንታት በኋላ ነገሩ ረገበ። አፋቸው ተፈታ፤ ንጽሕና ለመዱ። ቅናቱና ለቅሶው የበሽታ ሳይሆን የጤና ምልክት መሆኑ ታወቀ። የሚያጣው ሰው የሌለው ልጅ ነውና የማያለቅሰው።

ወላጆች በፈለጉት ሰዓት፣ ቀንም ሆነ ማታ፣ ልጆቻቸውን እንዲጠይቁ በሩ ክፍት ነበር። በዚያ ዘመን ሆስፒታሎች እናትን በሳምንት አንድ ቀን ለጥቂት ሰዓት ብቻ ያስገቡ እንደነበር ስናስብ ይህ እንደ ዕብደት የሚታይ ነገር ነው። ወንድምና እህትም አይለያዩም ነበር።

ተንከባካቢዎቹ አብዛኞቹ ራሳቸው ከጀርመንና ከኦስትሪያ የሸሹ ወጣት ሴቶች ናቸው። ወላጆቻቸው በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ የማያውቁ ነበሩ። አና ሁሉም ሠራተኛ ያየውን በካርድ ላይ እንዲጽፍ አዘዘች። ማታ ማታ ተሰብስበው የጻፉትን ይወያዩበታል፤ ትምህርትም ይሰጣቸዋል። ስብሰባው ለሥራ ተብሎ የተጀመረ ቢሆንም፣ ሐዘንተኛው ሐዘንተኛውን ሲንከባከብ ብቻውን እንዳይሆን ያደረገ የመደጋገፊያ ማዕድም ነበር ማለት ይቻላል።

ካርድ እንዲጽፉ ከታዘዙት አንዱ የማሞቂያ ምድጃውን የሚያነድደው ስኮትላንዳዊ ጀምስ ሮበርትሰን ነው። ይህ ሰው በኋላ አንዲት የሁለት ዓመት ሕፃን ሆስፒታል ገብታ ከእናቷ ስትለይ የምትሆነውን በፊልም ቀረጸ። በ1952 የታየው ያ ፊልም የእንግሊዝ ሆስፒታሎች በራቸውን ለእናቶች እንዲከፍቱ ካስገደዱት ነገሮች ዋናው ሆኗል። ምድጃ አንዳጁን ተመራማሪ ያደረገ ቤት ነበር።

ስድስቱ

አሁን ወደ መነሻችን እንመለስ። ስድስቱ ልጆች ከጀርመንና ከኦስትሪያ የመጡ አይሁድ ናቸው። ወላጆቻቸው የተገደሉባቸው በተወለዱ ሰሞን ነው። ናዚዎች በዛሬዋ ቼክ ሪፐብሊክ በቴሬዚን በከፈቱት ማጎሪያ ውስጥ እናት አልባ ሕፃናት በሚቀመጡበት ክፍል አድገዋል። ተንከባካቢዎቻቸው ራሳቸው በረሃብ የደከሙ እስረኞች ነበሩ፤ ዛሬ ያሉት ነገ ወደ ሞት ካምፕ ይጫናሉ። ልጆቹ የሚያውቁት የማይለወጥ ነገር አንድ ብቻ ነበር። እርስ በርሳቸው።

በነሐሴ 1945 ወደ እንግሊዝ በአውሮፕላን መጡ። ዊንደርሚር በተባለው ቦታ ለሁለት ወር ቆይተው ነው ወደ ዌስት ሆትሊው ቤት፣ ቡልዶግስ ባንክ ወደሚባለው፣ የተወሰዱት። ዋና ተንከባካቢዎቻቸው የሐምፕስቴድ ባልደረቦች የነበሩት እህትማማቾች ሶፊና ገርትሩድ ዳን ናቸው። እነርሱም ከጀርመን የተሰደዱ ነበሩ።

የአና ምክር አጭር ነበር፤ አትለያዩዋቸው። ስድስቱን ለስድስት ደግ ቤተሰብ ማከፋፈል ይቻል ነበር፤ ብዙ ሰውም ደግነት የሚመስለው ይኸው ነው። እርሷ ግን ለእነዚህ ልጆች ቡድኑ ቤተሰባቸው መሆኑን ተረዳች። አንዱ ታሞ ለብቻው ቢተኛ ሌሎቹ ቀኑን ሙሉ ያነሱታል። የወንድምና የእህት ዓይነት ቅናት በመካከላቸው የለም፤ የሚሻሙበት የእናት ጉልበት አልነበረምና።

ቀስ በቀስ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ፣ ያ ፍቅር ከስድስቱ አልፎ ወደ አዋቂዎቹ ደረሰ። በመጀመሪያ ተንከባካቢዎቻቸውን እንደ ቡድኑ አባል ቆጥረው ያስቡላቸው ጀመር፤ ከዚያ ወዲያ መናፈቅና መቅናትም መጣ። እንግሊዝኛም ለመዱ። አና ከሶፊ ዳን ጋር ይህንን ታሪክ በ1951 አሳተመችው። ድምዳሜዋ ጥንቃቄ የተሞላበት ነው። ልጆቹ ቁጡዎች፣ እረፍት የለሾች፣ ለማስተናገድ አስቸጋሪዎች ነበሩ። ነገር ግን አዕምሯቸው አልተናጋም፤ ክፉም አልሆኑም። በዚያ ሲኦል ውስጥ እርስ በርስ ተደጋግፈው ሰው ሆነው ወጥተዋል። ይህ ማለት ጓደኛ እናትን ይተካል ማለት አይደለም። ሌላው ሁሉ ሲፈርስ የመጨረሻው ምሰሶ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ዕድሜዋና ትችቱ

ከጦርነቱ በኋላ አና በ1947 የሕፃናት ሕክምና ሥልጠና ጀመረች። በ1952 በዚያው በሐምፕስቴድ ክሊኒክ ከፈተች። ከማሳደጊያዎቹ ወጣት ሴቶች በርከት ያሉት በዚህ ሥልጠና ሙያተኞች ሆነዋል። በ1967 የእንግሊዝ መንግሥት የክብር ኒሻን ሰጣት።

አልተተቸችም ማለት ግን አይደለም። በጦርነቱ መካከል፣ ቦምብ እየወረደ፣ እርሷና ሜላኒ ክላይን የተባለችው ሌላዋ የሕፃናት ሐሳብ ባለቤት በለንደን ማኅበራቸው ውስጥ ጎራ ለይተው ለዓመታት ተሟግተዋል። ዘዴዋም ይነቀፋል። ያየቻቸው ልጆች ቁጥር ጥቂት ነው፤ ከሌሎች ጋር በቁጥር አላነጻጸረችም፤ ካልተለያዩትም ልጆች መካከል በቦምቡ የተጎዱ እንደነበሩ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ያስታውሳሉ። እርሷ ግን ከቁጥር ይልቅ የምታምነው የአንድን ልጅ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ተከታትሎ መጻፍን ነበር።

ጓደኛዋ ዶሮቲ በ1979 አረፈች። አና ፍሮይድም ጥቅምት 9 ቀን 1982 በ86 ዓመቷ ለንደን ውስጥ ሞተች። ክሊኒኳ በስሟ ተሰይሞ እስከ ዛሬ ይሠራል። ከአባቷ ጋር የኖረችበት ቤትም በ1986 ሙዚየም ሆነ።

ዛሬ ጦርነት ባለበት ሁሉ፣ በተፈናቃይ ድንኳኖች መካከል ለልጆች መጫወቻ ሥፍራ ሲከለል፣ ወንድምና እህት በአንድ መጠለያ እንዲያድሩ ሲደረግ፣ ሐዘን የደረሰባቸው ሰዎች ክብ ሠርተው የልባቸውን ሲጫወቱ፣ ሐሳቡ ከዚያች ስደተኛ ቤትም ይመዘዛል። እርዳታ ሲታሰብ ቶሎ የሚታየን ዱቄቱና ብርድ ልብሱ ነው፤ ደግሞም መቅደም ያለበት እርሱ ነው። አና ፍሮይድ የጨመረችው አንድ ጥያቄ ነው። ይህ ልጅ ብርድ ልብሱን ለብሶ ሲተኛ አጠገቡ ማን አለ? ካለ፣ ማንም በደግነት ስም እንዳይለያቸው።